ከገላን ሆኜ፣ ስለ መዳብ ለምትጠይቁኝ ልጆች

ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው ገላን ነው። ጂኦሎጂስት መሆኔ በሰፈሩ ከታወቀ ጀምሮ በሬን የሚያንኳኳ ወጣት አይጠፋም። ካባ ላይ ድንጋይ የምትፈልጡ አላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ወይም ማዕድን ምህንድስና የተመደባችሁ አላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ምድቡን ሳትወዱት። "አያቴ አገር ያለው ተራራ ያብለጨልጫል" የሚለኝም አለ። ጥያቄያችሁ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው። የመዳብ ዋጋ ሰማይ ነክቷል፣ አገራችን መዳብ አላት ይባላል፣ ታዲያ ለምን አውጥተነው አያልፍልንም?

ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከመመለስ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

መጀመሪያ የሰፈራችንን ነገር ልጨርስ። እዚህ መዳብ አትፈልጉ። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ዱከም የምትረግጡት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የረር፣ ፉሪ፣ ወጨጫ የምትሏቸው ተራሮች የጠፉ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ለግንብ፣ ለጠጠር፣ ለኮብልስቶን እንጀራ የሚያበላ ድንጋይ ነው። አረንጓዴ ነገር ያየ ሁሉ ኪሱ ከትቶ "ጋሼ፣ ይቺ መዳብ ናት?" ይለኛል። አረንጓዴ ድንጋይ ሁሉ መዳብ አይደለም። የሚያብለጨልጭም ሁሉ ወርቅ አይደለም፤ ይሄንን ግን ከእኔ በፊት ሌሎች ነግረዋችኋል።

መዳብ የሚፈለገው በጣም በጥንታዊው ድንጋያችን ውስጥ ነው። በትግራይ፣ በቤኒሻንጉል፣ በወለጋ፣ በደቡብ እነ አዶላ አካባቢ ያለው ማለቴ ነው። እዚያው የድንጋይ ዘመድ የሆነችው ኤርትራ ውስጥ ቢሻ የሚባል ማዕድን አለ። ከላይ ያለውን ወርቅ በ2011 ማምረት ጀመሩ። እሱ ሲሳሳ ከሥር ያለውን መዳብ በ2013 ቀጠሉ፣ ከዚያ ወደ ዚንኩ ወረዱ። ስለዚህ "አለ ወይ?" ለሚለው ጥያቄ መልሱ "ሊኖር የሚችልበት ድንጋይ አለን" ነው። ከዚያ በላይ የሚነግራችሁ መሰርሰሪያ ብቻ ነው። ደላላ አይደለም።

እኔ ግን ዛሬ ማውራት የፈለግሁት ስለ ሌላ አገር ነው። ከሥራ ዘመኔ የተወሰነውን ያሳለፍኩት ዛምቢያ ውስጥ ኪትዌ በምትባል ከተማ ነው። ኮፐርቤልት ይሉታል አካባቢውን። ንዶላ፣ ሉዋንሽያ፣ ሙፉሊራ፣ ቺንጎላ የሚባሉ የማዕድን ከተሞች ተደርድረውበታል። ድንበሩን ስትሻገሩ የኮንጎ ካታንጋ ይቀጥላል። ድንጋዩ ያው አንድ ነው፣ ድንበሩን ያሰመረው ሰው ነው። ዕድሜው ከ700 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። በአፍሪካ የመዳብ ታሪክ እንደዚያ የሞላበት ቦታ የለም። መዳብ ለተመኘ ወጣት ከዚያ ታሪክ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ዓመታቱን የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ፈረንጅ ከመምጣቱ በፊት ልጀምር፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካንሳንሺ የሚባለው ኮረብታ ላይ የአካባቢው ሰው መዳብ መቆፈር የጀመረው ከ1,500 ዓመት በፊት ነው። ካታንጋ ውስጥ የሚያቀልጡት ሰዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ፣ በደረቁ ወራት ነበር። ማላካይት የሚባለውን አረንጓዴ ድንጋይ ለቅመው ያመጣሉ። ምድጃውን የሚሠሩት ከኩይሳ አፈር ነው። የምስጥ ኩይሳ እሳት ይችላል። ከሰል ይጨምራሉ፣ በወናፍ ያናፋሉ። የቀለጠውን መዳብ በመስቀል ቅርጽ ቀልበው ያቀዘቅዙታል። ያ የመዳብ መስቀል ገንዘብ ነበር። ጥሎሽ ይከፈልበታል፣ ከሞተ ሰው ጋር ይቀበራል። ኡፔምባ በሚባለው ረግረጋማ አገር የተቆፈሩ ጥንታዊ መቃብሮች ውስጥ በብዛት ተገኝቷል። ማተብ ላሰረ የእኛ ሰው መስቀል ሲባል ሌላ ነገር ነው የሚመጣበት፤ ይሄኛው ግን ከሃይማኖት ጋር ግንኙነት የለውም።

በነገራችን ላይ እኛም ለመዳብ ባዕድ አልነበርንም። የአክሱም ነገሥታት ከወርቅና ከብር ሌላ የመዳብ ሳንቲም ያትሙ ነበር። ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈ አንድ የግሪክ ነጋዴዎች መመሪያ ደግሞ አዱሊስ ወደብ ላይ ከሚራገፈው ዕቃ መካከል የመዳብ ሉህ ይቆጥራል። ድስት ይሠራበታል፣ ተቆርጦ አምባርና አልቦ ይወጣዋል ይላል። መግዛት ያኔም ነበር። ጀበናችንን ከሸክላ ማድረጋችን ጥሩ ሆነ እላለሁ አንዳንዴ።

ወደ ካታንጋ ልመለስ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ምሲሪ የሚባል ሰው ከዛሬዋ ታንዛኒያ በኩል ለንግድ መጣና ንጉሥ ሆኖ ቀረ። ዋና ከተማው ቡንኬያ ነበረች። መዳብ፣ የዝሆን ጥርስና ባሪያ ይሸጣል፣ ጠመንጃ ይገዛል። ጨካኝ ነበር፤ አላሳምረውም። ግን ጅል አልነበረም። በ1890 የእንግሊዞቹ ኩባንያ፣ ብሪቲሽ ሳውዝ አፍሪካ ካምፓኒ፣ አልፍሬድ ሻርፕ የሚባል መልእክተኛ ውል አስይዞ ላከበት። ምሲሪ ወረቀቱን አንድ ሚስዮናዊ አንብቦ እንዲነግረው አደረገ። ምን እንደሚል ሲገባው ተቆጣ፣ አልፈርምም ብሎ ሰውየውን አባረረ።

ይሄንን ነገር አስቡት። ማንበብ የማይችል ንጉሥ፣ ሳያስነብብ አልፈረመም።

መጨረሻው ግን አላማረም። በቀጣዩ ዓመት የቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ የላከው ጦር ደረሰ። በታኅሣሥ 1891 ቦድሰን የሚባል መኮንን ምሲሪን ተኩሶ ገደለው። ስለዚህ ማንበብ ብቻውን ያድናል ብዬ አልዋሻችሁም። ጠመንጃ ባለበት ጊዜ ወረቀት ሁልጊዜ አይረዳም። በዚያው ዓመት አካባቢ እኛም የውጫሌን አንቀጽ 17 ጣጣ እየበላን ነበር። ዘመኑ የውል ዘመን ነበር። ውሉ የማያዋጣው ሰው ደግሞ አድዋን የሚያህል ነገር ያስፈልገው ነበር።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። በዚያው 1890፣ በሰኔ ወር፣ ሎክነር የሚባል የኩባንያው ወኪል የባሮትሴን ንጉሥ ሌዋኒካን አስፈረመ። ባሮትሴላንድ ከኮፐርቤልት በጣም ርቆ፣ በዛሬዋ ዛምቢያ ምዕራብ ያለ አገር ነው። ሌዋኒካ የተዋዋለው ከእንግሊዝ ንግሥት ጋር መስሎት ነበር። ኩባንያው በዓመት 2,000 ፓውንድ ቃል ገባለት፣ ማዕድን የማውጣት መብት ወሰደ። ቆይቶ ይህንን ውልና መሰሎቹን ይዞ ኮፐርቤልትም የእኔ ነው አለ። ሌዋኒካ በዚያ መሬት ላይ ነግሦ አያውቅም! የሌላ ሰው ጓሮ ነው የተሸጠው።

በ1924 የእንግሊዝ መንግሥት የአገሩን አስተዳደር ከኩባንያው ተረከበ። የማዕድኑ መብት ግን ለኩባንያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ኮፐርቤልት ላይ ከተቆፈረው እያንዳንዱ ቶን መዳብ ሮያሊቲ የሚባለውን ክፍያ የሚቀበለው ይኸው ኩባንያ ነበር። አንድ አካፋ አፈር ሳያነሳ። በ1949 ከዚያ ውስጥ 20 በመቶው ለአካባቢው መንግሥት እንዲሰጥ ተስማሙ፤ ያም እንደ ትልቅ ችሮታ ተቆጠረ። ነጻነት ሲቃረብ እነ ኬኔዝ ካውንዳ፣ በኋላ የዛምቢያ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆኑት፣ የድሮዎቹን ውሎች አስመርምረው፣ ሌዋኒካ የኮፐርቤልት ባለቤት አልነበረም ብለው በጽሑፍ አወጡ። ኩባንያው መብቱን የለቀቀው ጥቅምት 24 ቀን 1964 ዛምቢያ ነጻ በወጣችበት ዋዜማ ነው፣ በ4 ሚሊዮን ፓውንድ። ግማሹን እንግሊዝ ከፈለች፣ ግማሹን አዲሲቱ አገር። 74 ዓመት የኖረ ፊርማ ነው።

ልጆች፣ እኔ ድንጋይ በማንበብ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ግን ኪትዌ እያለሁ ከሁሉ በላይ የገረመኝ ድንጋዩ አልነበረም። ይሄ ነው የገረመኝ። መዳቡ መጀመሪያ ከመሬት የወጣው በወረቀት ላይ ነው፤ በዶማ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የፍለጋውን ታሪክ ቶሎ ልለፈው። በ1902 ዊልያም ኮልየር የሚባል ፈላጊ ሉዋንሽያ አካባቢ ሮን የምትባል ትልቅ አንቴሎፕ ተኩሶ ሲጥል፣ ጭንቅላቷ ያረፈበት ድንጋይ አረንጓዴ ሆኖ አገኘው ይባላል። ማዕድኑም ሮን አንቴሎፕ ተባለ። ደስ የሚል ተረት ነው፣ ቱሪስት ይወደዋል። እኔ ግን ሌላውን አስታውሱ እላለሁ። ፈረንጆቹ "አገኘን" ያሉት ብዙው ቦታ የጥንት ቆፋሪዎች ጉድጓድ ነበረበት። ያንን ተከትለው ነው የሄዱት። አያቶቹ የለፉበትን የልጅ ልጆቹ በቀን ሠራተኝነት ተቀጥረው ቆፈሩት።

ከላይ ያለው አረንጓዴ ድንጋይ ብዙ አይርቅም። ትልቁ ሀብት ከሥር ያለው ግራጫው ነው፣ ድኝ ያለበት። እሱን በ1920ዎቹ በጥልቅ ቁፋሮ አረጋገጡት። በ100 ኪሎ ድንጋይ ውስጥ መዳቡ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ቢሆን ነው። ድንጋዩ ይፈጫል፣ ከውሃና ከኬሚካል ጋር ይደባለቃል፣ አየር ሲነፋበት መዳብ ያለበት ብናኝ ከአረፋው ጋር ይንሳፈፋል። እሱ ተገፎ ይደርቅና ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። ማሽን ይፈልጋል፣ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ ባቡር ይፈልጋል። እናንተ "አምስት ሆነን ተደራጅተን እናውጣ" የምትሉኝን ያህል ቀላል አይደለም። ወርቅ በገበቴ ታጥቦ ይወጣል፤ የዚህ ዓይነቱ መዳብ እንደዚያ አይወጣም። ሮን በ1931፣ ሙፉሊራ በ1933፣ ንቻንጋ በ1939 ማምረት ጀመሩ። የደቡብ አፍሪካው አንግሎ አሜሪካንና የአሜሪካዊው ቼስተር ቢቲ ኩባንያ ተካፈሉት። በኮንጎ በኩል ደግሞ በ1906 የተቋቋመው ዩኒየን ሚኒየር የሚባል ኩባንያ ከ1911 ጀምሮ ሉቡምባሺ ላይ ያቀልጥ ነበር።

ሠራተኛውስ? ነጩ በአንድ ደመወዝ፣ ጥቁሩ በሌላ። ጥቁር እንዳይሠራቸው የተከለከሉ ሥራዎች ነበሩ፣ ቢችልም እንኳ። በ1935 የግብር ጭማሪ ሲታወጅ አፍሪካውያኑ ሥራ አቆሙ። ሉዋንሽያ ላይ ፖሊስ ተኩሶ 6 ሰው ገደለ። በ1940 መጀመሪያ ያመፁት ነጮቹ ሠራተኞች ነበሩ። ተጨመረላቸው። ይህንን አይተው አፍሪካውያኑ ሲያምፁ ኪትዌ ባለው የንካና ማዕድን ላይ 17 ሰው ተገደለ። የራሳቸውን ማኅበር ማቋቋም የቻሉት በ1949 ነው። በ1955 ማኅበሩ የጠራው አድማ 58 ቀን ቆየ። ኪትዌ ሳለሁ ያወቅኋቸው ሽማግሌ ማዕድን ቆፋሪዎች ያንን አድማ እንደ ክብረ በዓል ነበር የሚያወሩት። ርሃቡንም ጭምር።

እዚህ ላይ የእኛንም አገር የሚነካ ነገር አለ፣ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ኮንጎ በ1960 ነጻ ስትወጣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ካታንጋ ተገንጥያለሁ አለች። መሪው ሞይስ ቾምቤ ይባላል። ሰንደቅ ዓላማው ላይ ሦስት የመዳብ መስቀሎች ነበሩበት፣ እነዚያው የጥንቶቹ። ዩኒየን ሚኒየር ግብሩን የሚከፍለው ለቾምቤ ነበር፤ የግንጠላው ጉልበት ከዚያ ነው የመጣው። የተባበሩት መንግሥታት ጦር ላከ። ከዚያ ውስጥ የእኛ ጠቅል ብርጌድ ነበረበት። የኢትዮጵያ ወታደሮች ዛሬ ሉቡምባሺ በምትባለው ኤሊዛቤትቪል ተዋግተዋል። ከ1962 እስከ 1963 የመላው የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ከበደ ገብሬ ናቸው። የተመድ ዋና ጸሐፊ ዳግ ሐመርሾልድ ደግሞ ከቾምቤ ጋር ሊነጋገሩ ሲሄዱ፣ መስከረም 1961 ንዶላ አጠገብ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። በየሰፈሩ "ኮንጎ ዘማች" የሚባሉ አባቶች ነበሩ። የዘመቱት የመዳብ አገር ላይ ነው። ካላችሁ አያት፣ በሕይወት ካሉ ጠይቁ።

ዛምቢያ ነጻ ስትወጣ ሀብታም ትባል ነበር። ወደ ውጭ ከምትልከው ከ90 በመቶ በላይ መዳብ ነው። ግን በመላ አገሪቱ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ዜጋ ከመቶ ብዙም አይበልጥም ነበር። የራሷ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1966 ነው። ይህን ቁጥር ምድባቸውን ለማይወዱት ልጆች ደጋግሜ እነግራለሁ።

በ1969 ካውንዳ መንግሥት ከማዕድኖቹ 51 በመቶ እንዲይዝ ወሰኑ። ሕዝቡ ጨፈረ። ታዲያ ማን ነው ማዕድኑን የሚያስተዳድረው? የድሮዎቹ ኩባንያዎች፣ በአስተዳደር ውል። ለማስተዳደርም ይከፈላቸዋል፣ ለመሸጥም ይከፈላቸዋል። መንግሥት ለድርሻው የገባውን ዕዳ ከፍሎ ውሎቹን ያቋረጠው በ1973 ነው። በቀጣዩ ዓመት የመዳብ ዋጋ ከጫፍ ወርዶ ከግማሽ በታች ሆነ። ዋጋው የሚቆረጠው ለንደን ነው፣ በ1877 በተቋቋመው የብረታ ብረት ገበያ። በዛምቢያ ዋና ከተማ ሉሳካ ላይ አይጠየቅም፣ አዲስ አበባም ላይ አይጠየቅም።

ሌላም ነገር ነበር፤ ወደብ። ዛምቢያ እንደ እኛ ባሕር የላትም። በ1965 ሮዴዢያ፣ የዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ውስጥ የነጮቹ አገዛዝ በራሱ ነጻነት ሲያውጅ የደቡቡ መንገድ ተበላሸ። በ1975 አንጎላ ውስጥ ጦርነት ሲጀመር በዚያ በኩል ወደ ባሕር የሚወስደው የቤንጉዌላ ባቡር ቆመ። ቻይናዎች እስከ ዳሬሰላም 1,860 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ዘርግተው ባይደርሱላት ምን ይውጣት ነበር? ምርቷ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዓመት ከ700,000 ቶን በላይ ደርሶ ነበር። በ2000 ወደ 250,000 ወርዷል። ዕዳ ላይ ዕዳ። በመጨረሻ ማዕድኖቹ ከ1997 ጀምሮ ተሸጡ።

የተሸጡበትን ውል ስሙልኝ። የአገሪቱ ሕግ ሮያሊቲው 3 በመቶ ነው ይል ነበር። ከገዢዎቹ ጋር በተፈረሙት ውሎች ግን 0.6 በመቶ ሆነ። ውሎቹ ለሕዝብ አልተገለጹም። በ2007 ሾልከው ወጡ፣ አገር ተንጫጫ፣ በ2008 መንግሥት በሕግ ሻራቸው። እስከዚያ ድረስ የመዳብ ዋጋ ሽቅብ ወጥቶ ነበር። ያ ትርፍ አለፋቸው። ሌዋኒካ እንኳ ማንበብ አይችልም ነበር። እነዚህኛዎቹ የተማሩ ናቸው።

ፍርዴን ልንገራችሁ፣ ካልተስማማችሁ መጥታችሁ ተከራከሩኝ። ሻጮቹን ሌቦች ብሎ መሄድ ይቀላል። እኔ እንደዚያ አላየሁትም፣ ወይም እሱን ብቻ አላየሁም። ኪሳቸው ባዶ ነበር፣ አበዳሪው በር ላይ ቆሟል፣ ማዕድኑ በየቀኑ ይከስራል። የቸኮለ ሻጭ ርካሽ ይሸጣል። ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ግን በየጉዳዩ ጠበቃ፣ የሒሳብ ባለሙያና የብረታ ብረት መሐንዲስ ይዞ ነው የተቀመጠው። ጥያቄው ከዚህኛው ወገን ስንት ነበሩ የሚለው ነው።

ስለዚህ ጂኦሎጂ የተመደባችሁ ልጆች፣ ድንጋዩን ውደዱት፣ ግን እዚያ አትቁሙ። ከእናንተ አንዱ ብረታ ብረት አወጣጥ ይማር። አንዷ የማዕድን ሕግ ትማር። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002ን (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ከነማሻሻያው ፈልጋችሁ አንብቡ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። እሱን ሁሉም ይጠቅሳል። ገንዘቡ ያለው ግን በዝርዝሩ ውስጥ ነው። ሮያሊቲው የሚሰላው ከየትኛው ዋጋ ላይ ነው? በኮንሰንትሬቱ፣ ማለትም ከአረፋው ላይ በተገፈፈው ብናኝ ውስጥ፣ ከመዳብ ሌላ ኮባልት የሚባለው ብረት ወይም ወርቅ አለ ወይ? ይዘቱን የሚለካው ላቦራቶሪ የማን ነው? ናሙናውስ ግማሹ አገር ውስጥ ይቀመጣል? ኮፐርቤልት ላይ ከመዳቡ ጋር ኮባልት አለ። ሻጭ ካልለካው ገዢ አስታውሶ አይከፍልም።

ካባ ላይ ያላችሁም ይሄ አይመለከተንም እንዳትሉ። ባለፈው አንድ ማኅበር ውሉን አሳየኝ። ድንጋዩ የሚሸጠው በቢያጆ ነው ይላል። የትኛው መኪና? ሲኖ ትራክ ነው ወይስ አሮጌው ኢሱዙ? ጎኑ ስንት ድረስ ይሞላል? በማን ፊት ይቆጠራል? ምንም የለም። ልጆቹ ዶማ ላይ ጎበዞች ናቸው፣ ያን ወረቀት ግን ከመፈረማቸው በፊት ያነበበላቸው አልነበረም። በሜትር ኩብ አስቀይሩት አልኳቸው። እየተደራደሩ ነው።

እዚህ ሰፈር መዳብ የለም ማለቴንም ላስተካክል። ከድንጋዩ ውስጥ የለም እንጂ፣ ከቆራሌው ጆንያ ውስጥ አለ። ዓለም ከሚጠቀምበት መዳብ ወደ ሲሶ የሚጠጋው ከአሮጌ ዕቃ ተመልሶ የሚቀልጥ ነው። የተቃጠለ ሞተር፣ አሮጌ ትራንስፎርመር፣ ከፈረሰ ሕንፃ የወጣ ገመድ። ሞተር የሚጠቀልል ባለሙያ አቃቂ ላይ ሥራ አያጣም፤ ከእሱ ጋር ተቀመጡና እጁን እዩ። ሁለት ነገር ብቻ። ከየት እንደመጣ የማይነገር ገመድ አትግዙ፤ የተሰረቀ ነው። ገመድ ደግሞ በእሳት አታቃጥሉ። ፕላስቲኩ ሲነድ የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው፣ የሚተኛው ሳንባችሁ ውስጥ ነው። መላጫ ማሽን አለ፣ እሱም ከጠፋ በቢላዋ ላጡት።

የመርዝ ነገር ከተነሳ፣ የመጨረሻውን ልናገር። ኮፐርቤልት ያስተማረኝ ሌላው ነገር ድንጋዩ ከተፈጨ በኋላ የሚቀረው ጭቃ ነው። ከ100 ኪሎ 4ቱ መዳብ ከሆነ፣ የቀረው የት ይሄዳል? በ1970 ሙፉሊራ ላይ ያ ዝቃጭ የተከማቸው ከመሬት ሥር ከሚቆፈረው ማዕድን በላይ ነበር። መስከረም 25 ሌሊት መሬቱ ተደረመሰና ጭቃው ወደ ጉድጓዱ ገባ። የሌሊት ፈረቃ ላይ የነበሩ 89 ሰዎች ሞቱ። ከኮፐርቤልት ወደ ደቡብ ያለችው ካብዌ ደግሞ እርሳስና ዚንክ ነበር የምታወጣው። ማዕድኑ በ1994 ተዘጋ። አቧራው ግን አልተዘጋም፤ እስከ ዛሬ በልጆች ደም ውስጥ እርሳስ ይገኛል። ቅርብ ጊዜ፣ በየካቲት 2025፣ ቻምቢሺ ላይ የአንድ ማዕድን የዝቃጭ ግድብ ተሰብሮ 50 ሚሊዮን ሊትር ገደማ አሲድ ያለበት ቆሻሻ ወደ ካፉዌ ወንዝ ወረደ። ኪትዌ ላይ የቧንቧ ውሃ ተቋረጠ። እኔ የጠጣሁት ውሃ ነበር።

እኛ እዚህ ገላንና አቃቂ የተቀመጥነው የከተማው የጉድጓድ ውሃ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ጥሩ ድርሻ የሚወጣው ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። እናንተ ግን ነገ ለተግባር ልምምድ ወደ ሌላ ሰው ሰፈር፣ ወደ ሌላ ሰው ውሃ ነው የምትሄዱት። የቁፋሮውን የድንጋይ ናሙና ሳጥን ከማየታችሁ በፊት የዝቃጩ ግድብ የሚሠራበትን ቦታ ጠይቁ። እዚያ ቁሙ። ከሥሩ ያለው መንደር ስሙ ማን ነው? ምንጩ በየት ነው? ሰዉ ክረምት ከየት ይቀዳል፣ በጋስ? ከቁፋሮው በፊት ውሃው ተመርምሯል ወይ? ውጤቱስ በማን እጅ ነው? በደብተር ጻፉና አምጡልኝ። ካርታው ቤቴ ግድግዳ ላይ አለ፣ አብረን እናስገባዋለን።